«ሳይለንት ስፕሪንግ» በአማርኛ ምን ይባል?

ጠያቂዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ «ሳይለንት ስፕሪንግ» የተባለውን መጽሐፍ ስለጻፈችው አሜሪካዊት ሬቸል ካርሰን እያነበበች ነው። ካርሰን እ.ኤ.አ. በ1964 ያረፈችው እዚሁ ከተማችን ነው። ልጄ ለአያቷ በስልክ ልትነግራት ፈልጋ የመጽሐፉ ርእስ ላይ ተያዘች። «ጸጥ ያለው ጸደይ» ብላት እናቴ «ታዲያ ጸጥ ካለ ምን ከፋ?» አለች። ምን ልበላት?

የቆሎ ተማሪ፦
እቴ፣ መጀመሪያ ጸደይ ይስተካከል። በቤተ ክርስቲያን ቆጠራ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። አደይ የሚፈነዳበት ወቅት መጸው ይባላል።

ባለ መዝገበ ቃላቱ፦
ወንድሜ፣ ሕዝቡ ጸደይ የሚለው መስከረምን ነው። እንደኔ ጸደይና «ጸዳል» አንድ ዘር ናቸው። ክረምቱ ሲወጣ ሰማዩ ይጠራል፣ ምድሩ ያበራል።

የቆሎ ተማሪ፦
«ል»ን የት ጣልካት? ጸዳል «ጸደለ» ነው። እኔ ግስ ስወርድ ነው ያደግሁት፤ እንዲህ ያለ ዘር አላየሁም።

የገጠር ልጅ፦
ካርሰንን ረሳናት እኮ። መጽሐፏ የሚለው እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዛፍ በሽታ ለመከላከል ዲዲቲ የሚባለውን የተባይ መርዝ ረጩ። ቅጠሉ ረገፈ፣ የምድር ትል በላው። በሚቀጥለው ዓመት ትሉን ሮቢን የሚባለው ወፍ ለቀመው። 11 ትልልቅ ትሎች አንድ ወፍ ለመግደል ሊበቁ እንደሚችሉ ጽፋለች። ወፎቹ እየተንቀጠቀጡ ሞቱ። ይህን ሁሉ የጻፈችው ከጡት ካንሰር ጋር እየታገለች ነው። አሜሪካ ዲዲቲን ለእርሻ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ እሷ አላየችውም። እና ይሄ ጸጥታ ነው? ጸጥታ እኛ ዘንድ ሰላም ነው። እናትሽ እውነታቸውን ነው። እኔ «ጭር ያለ» እላለሁ። አንበጣ የበላው ማሳ ጭር ይላል።

ባለ መዝገበ ቃላቱ፦
ጭር የሚለው ሰው የራቀው ቦታ ነው። «ዝም ያለ» ይሻላል። ዝም የሚለው ድምፅ የነበረው ነው።

የገጠር ልጅ፦
ዝም ያለ ነገ ይናገራል። የሞተ ወፍ ግን አይዘምርም።

የቆሎ ተማሪ፦
መኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 2ን አስታውሱ። ክረምት ሲያልፍ የሚሰማው የማዕነቅ፣ የዋኖስ ወፍ ድምፅ ነው። የካርሰን ሐዘን ያ ድምፅ መጥፋቱ ነው፤ ስለዚህ ወፍ የሌለበት ርእስ አልቀበልም። መጽሐፉ የወጣው ደግሞ መስከረም 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት ነው። በእናንተ ጸደይ፣ በእኛ ቆጠራ ገና ክረምት።

ባለ መዝገበ ቃላቱ፦
በመስቀል ዕለት ደመራው ሥር ቆመህ «ክረምት ነው» የምትለው ለማን ነው?