ቱሽን (የትምህርት ክፍያ) ነፃ ለሆነለት የቬተራን (የቀድሞ ወታደር) ልጅ የትምህርት ክሬዲት (የታክስ ቅናሽ) መጠየቅ ልክ ነው?

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦ እስቲ ፍረዱኝ። ባለቤቴ አሜሪካን አርሚ ሆኖ ኢራቅ ዘምቶ ተጎድቶ ነው የተመለሰው፣ 100 ፐርሰንት ቋሚ ዲሰብሊቲ አለው፣ በዚያ ምክንያት ልጃችን እዚሁ ቨርጂኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቱሽኑም ፊውም ተነስቶለታል። ታክስ የሚሠራልን ሰው «2,500ዋን የትምህርት ክሬዲት አስገባላችኋለሁ» ሲል ምን ከፈልንና አልኩት፣ «ሁሉም ያስገባል» አለኝ። ባለቤቴ ደግሞ በእግሬ ከፍያለሁ ይላል። እንቅልፍ አጣሁ።

የቬተራን ልጅ፦ አባወራሽ እውነቱን ነው እኮ! በሎን (በብድር) የሚማር ልጅ ቱሽኑ እንደተከፈለ ይቆጠርለታል፣ ቤተሰቡ ክሬዲቱን ይወስዳል። ጤናውን የሰጠ ሰው ልጅ ሲሆን ግን ዜሮ። ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ይግባ ባይ ነኝ።

ታክስ ሠሪ ነኝ፦ ወንድሜ ሎን እኮ ተመልሶ የሚከፈል ዕዳ ነው፣ የተነሳ ቱሽን ግን ማንም አልከፈለውም፣ ክሬዲቱ ደግሞ ለተከፈለ ብር ነው። ያልተከፈለ ቱሽን ክሬዲቱ የሚጠየቅበት ፎርም 8863 ላይ የጻፈ ሰው ሲያዝ ብሩን ከነወለዱ ይመልሳል፣ ሕጉን ችላ ብሎ ነው ከተባለ 2 ዓመት፣ አጭበርብሯል ከተባለ 10 ዓመት ክሬዲቱን ይከለከላል። ሪተርኑ (የታክስ ማስታወቂያው) ላይ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ፣ አይአርኤስ (የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) መጀመሪያ የሚጠይቀው እናንተን ነው።

ግን እህቴ ሁሉንም አትተዪው። መጽሐፍና ላፕቶፕ ማን ገዛ?

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦ እኛ ነና! መጽሐፍ 640፣ ላፕቶፕ 900፣ ኢንጂነሪንግ ስለሆነ ያለሱ አይሆንም ብለውታል። ዶርምና ምግቡንም እኛው ነን የምንከፍለው።

ታክስ ሠሪ ነኝ፦ ዶርምና ምግብ አይቆጠርም። መጽሐፉና ለትምህርቱ ግድ የሆነው ላፕቶፕ ግን ከሌላ ቦታ ቢገዛም ይቆጠራል፣ ታክስ በሌለበት የእርዳታ ገንዘብ ካልተገዛ። የመጀመሪያው 2,000 ዶላር ሙሉ ለሙሉ ስለሚታሰብ የናንተ ክሬዲት 1,540 ነው። ከሱ 40 ፐርሰንቱ፣ ማለት 616 ዶላር፣ ታክስ ባይኖርባችሁም በእጃችሁ ይገባል። ልጁ ዲፔንደንታችሁ (በታክሳችሁ ላይ እንደ ጥገኛ የተመዘገበ) ከሆነና ሁለታችሁ አብራችሁ ፋይል ስታደርጉ ገቢያችሁ ከ160,000 ካላለፈ ነው። ትምህርት ቤቱ 1098-ቲ (የቱሽን ማስረጃ ፎርም) ባይልክም፣ ቱሽኑ በሙሉ ስለተነሳ የመላክ ግዴታ የለበትም፣ ደረሰኙን ያዢ።

የቬተራን ልጅ፦ ይሄን አላውቅም ነበር፣ እኔ ራሴ ሁለት ዓመት የመጽሐፍ ሳልጠይቅ አለፈኝ። ቢሆንም ሕጉ ይለወጥ ከማለት አልመለስም። በ2024 ቨርጂኒያ ውስጥ ይሄንኑ ለቬተራን ልጆች ቱሽን የሚያነሳውን ፕሮግራም ገደብ ሲጥሉበት ቤተሰቦች ጮኸው አይደል ጁላይ ላይ ያስሻሩት? ኮንግረስም ይጻፍ።

ታክስ ሠሪ ነኝ፦ ይጻፍ፣ እፈርማለሁ። እስኪለወጥ ግን ያልከፈሉትን አያስገቡ። ላንተም ያለፈውን በ1040-ኤክስ (በማስተካከያ ፎርሙ) ማስተካከል ይቻላል፣ ፋይል ካደረግክ 3 ዓመት ካልሞላው።

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦ ተባረኩ። ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ቆየና ተነስቶ የላፕቶፑን ካርቶን ከቁም ሳጥን አወረደ፣ ደረሰኙ ውስጡ አለ። የመጽሐፎቹን ልጁ ኢሜይሉ ላይ እየፈለገ ነው። ነገ ለሰውዬው 2,500ዋን አውጣት እለዋለሁ።