ከራይን ወንዝ መርከብ ወርደን ስዊዘርላንድን በራሳችን ልናይ ነው፤ እቅዳችንን እዩልን

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁም። በመስከረም ከእናትና አባቴ ጋር በራይን ወንዝ ላይ በመርከብ እንጓዛለን። ከአምስተርዳም ተነስተን፣ በጀርመን በኩል አልፈን፣ ስትራስቡርግን አይተን በሳምንቱ ባዝል ላይ እንወርዳለን። የመርከብ ድርጅቱ ከዚያ በኋላ የሚሸጠው የስዊዘርላንድ ጉብኝት አለ፤ ዋጋው ግን አልተዋጠልኝም። ስለዚህ አምስት ሌሊት በራሳችን ልናድር አስበናል። የመመለሻ ትኬት ገና አልቆረጥንም።

የያዝኩት እቅድ አንድ ሌሊት ዙሪክ፣ አንድ ሉሰርን፣ አንድ ኢንተርላከን፣ አንድ ዘርማት፣ አንድ ጄኔቫ ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ ይከብዳታል። በረዶ የለበሰ ተራራ በቅርብ ማየት ግን የቆየ ምኞቷ ነው። አባቴ ደግሞ ጄኔቫን ሳላይ አልመለስም ብሏል። ጃንሆይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ያሉበት ከተማ ስለሆነ ነው።

እኔና አባቴ የአሜሪካ ፓስፖርት አለን። እናቴ ግሪን ካርድ ይዛ ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ነው። ቪዛ ያስፈልጋታል ወይ? የባቡር ፓስ ልግዛ ወይስ በየጉዞው ትኬት ልቁረጥ? እዚያ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ፦ ከባዝል

እህቴ፣ በዚህ እቅድ ስዊዘርላንድን ሳይሆን የሆቴል እንግዳ መቀበያዎችን ነው የምታዪው። በየቀኑ ሻንጣ መዝጋት፣ በየቀኑ ክፍል እስኪዘጋጅ መጠበቅ። ጉልበት ለሚያማቸው እናት ይህ አይሆንም። አገሩ ትንሽ ነው። ከባዝል ሉሰርንም፣ በርንም፣ ዙሪክም በባቡር አንድ አንድ ሰዓት ገደማ ናቸው። አንድ ከተማ ለማየት እዚያው ማደር ግድ አይደለም። ዘርማት ቆንጆ ነው፤ ግን ከመንገዳችሁ ወጣ ይላል። ለአንድ ሌሊት አይደከምለትም። እኔ ብሆን ሁለት ማደሪያ ብቻ እይዝ ነበር።

አሁን ስለምትወርዱበት ቀን። ብዙዎቹ መርከቦች የሚቆሙት ከመሃል ከተማው ወደ ሰሜን፣ ቅዱስ ዮሐንስ በሚባለው ሰፈር ዳርቻ ወይም ከማዶ ክሊቤክ ላይ ነው። ቦታውን ከድርጅቱ ጠይቂ። ከቅዱስ ዮሐንስ በኩል 11 ቁጥር ትራም ዋናው ባቡር ጣቢያ ድረስ ይወስዳችኋል። ትልልቅ ሻንጣ ካላችሁ ግን ታክሲ ያዙ። ለሹፌሩ «ባንሆፍ ኤስቤቤ» በይው። ባዝል ውስጥ የጀርመኖቹ ባቡር የሚጠቀምበት ሌላ ትልቅ ጣቢያ ከወንዙ ማዶ አለ፤ እዚያ እንዳያወርዳችሁ።

ሌላው የራይን ውሃ ነው። በበጋ መጨረሻና በመኸር ወንዙ አንዳንድ ዓመት በጣም ይጎድላል። በ2018 እና በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጀርመን በኩል ካውብ የሚባለው ቦታ ላይ ውሃው ወርዶ መርከቦች ተቸግረው ነበር። እንዲህ ሲሆን ድርጅቶች መንገደኛውን በአውቶቡስ ያጓጉዛሉ፤ መድረሻ ሰዓቱም ይለዋወጣል። ስለዚህ ለዚያ ቀን ከአንድ ባቡር ጋር ብቻ የታሰረ ቅናሽ ትኬት አትግዢ። ባቡሩ ካመለጠሽ ትኬቱም አብሮ ያመልጥሻል።

መልስ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ስለ ቪዛው እኔ ልመልስ። አዎ፣ ለእናትሽ ያስፈልጋቸዋል። ግሪን ካርድ የሸንገን ቪዛን፣ ማለት የአውሮፓ አገሮችን የጋራ ቪዛ፣ አይተካም። ለአሜሪካ ፓስፖርት እስከ 90 ቀን ቪዛ አይጠየቅም፤ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ይጠየቃል። ሆላንድ፣ ጀርመን፣ ፈረንሳይና ስዊዘርላንድ ሁሉም ሸንገን ውስጥ ስላሉ አንድ ቪዛ ይበቃል። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም፤ ከ2008 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ግን ሸንገን ውስጥ ናት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የትኛው አገር ቆንስላ ልሂድ የሚለው ላይ ነው። መጀመሪያ የምትገቡበት አምስተርዳም ስለሆነ የሆላንድ ነው ብለሽ አትቸኩዪ። ሕጉ ብዙ ቀን የምትቆዩበትን አገር ነው የሚያየው። ቀኑ እኩል ሲሆን ነው ወደ መጀመሪያው መግቢያ የሚመጣው። መርከቡ በየሌሊቱ የት እንደሚያድር ከፕሮግራሙ ላይ ቁጠሪ። አምስት ሌሊት ስዊዘርላንድ ከሆናችሁ፣ ሳትጠብቂው የስዊዘርላንድ ሊሆን ይችላል። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ። የመጨረሻው ገደብ 15 ቀን ነው፤ እስከዚያ ግን እንዳትጠብቂ፣ ቀጠሮ ራሱ ቶሎ አይገኝም። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስም ይጠየቃል።

አደራ፣ የመርከቡን ወረቀት ብቻ አስገብተሽ እንዳትመለሺ። ከመርከብ በኋላ ያሉት አምስት ሌሊቶች የሆቴል ማስረጃም ይግባ። አለበለዚያ ቪዛው መርከቡ በሚያልቅበት ቀን አካባቢ ተቆርጦ ሊሰጣቸው ይችላል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የቆንስላውን ነገር ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። ዙሪክንና ዘርማትን ሰርዣለሁ። ሁለት ማደሪያ ከተባለ አንዱ ጄኔቫ ነው፣ አባቴ አይለቀኝም። ሌላው የት ይሁን? ዩንግፍራውዮክ የሚባለው የተራራ ባቡር ጣቢያ ላይስ ለእናቴ ልውጣ?

መልስ፦ ከበርን ተራሮች አካባቢ፣ ሆቴል ሠራተኛ

ሌላው ኢንተርላከን ይሁን፤ ሦስት ሌሊት እደሩ። ከተማው ሜዳ ነው፣ ለእናትሽ ይመቻል። ሁለት ጣቢያ አለው፣ ቬስትና ኦስት። ሆቴል ስትይዢ ከኦስት አጠገብ ፈልጊ። ወደ ተራራው የሚወጡት ባቡሮች የሚነሱት ከዚያ ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ኮኦፕ ሱፐርማርኬት አለ፤ እራት ከዚያ ገዝታችሁ ብትበሉ የስዊዝ ምግብ ቤት ዋጋ አያስደነግጣችሁም።

ከባዝል ኢንተርላከን ቀጥታ ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ግን በሉሰርን በኩል ኑ እላለሁ። ከመርከብ በጠዋት ያወርዷችኋል፤ ከረፋዱ ሉሰርን ትደርሳላችሁ። ሻንጣውን ጣቢያው መቆለፊያ ሣጥን ውስጥ ክተቱ። ከጣቢያው በር ስትወጡ ሐይቁና የመርከብ ማቆሚያው እዚያው ፊታችሁ ነው። አሮጌው የእንጨት ድልድይም በእግር ቅርብ ነው። ከሰዓት በኋላ በብሩኒክ መተላለፊያ የሚሄደውን ባቡር ያዙ። ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ከሐይቅ ሐይቅ እያለፈ ነው ኢንተርላከን የሚያስገባችሁ። ወደ ኢንተርላከን ሲሄድ በስተቀኝ ተቀመጡ።

ዩንግፍራውዮክ 3,454 ሜትር ላይ ነው፤ ከእንጦጦም ይበልጣል። ባቡሩ በተራራው ሆድ ውስጥ አልፎ ነው የሚወጣው፤ ጣቢያው ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ሙሉ ዋጋው ለአንድ ሰው ከ200 ፍራንክ በላይ ነው። ደመና ከሆነ ነጭ ግድግዳ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ስለዚህ ቀድማችሁ አትግዙ። ጠዋት ተነስታችሁ የተራራውን ካሜራ በስልክ እዩ፤ ሆቴሎችም በቴሌቪዥን ያሳያሉ። ጥርት ካለ ሂዱ።

እናትሽ ግን እዚያ ድረስ ሳይወጡም ምኞታቸው ይሞላል። ከኢንተርላከን ላውተርብሩነን 20 ደቂቃ ነው። ከጣቢያው ወጣ ብላችሁ ወደ ሸለቆው ስታዩ 300 ሜትር ገደማ ከገደል የሚወርደው ፏፏቴ ይታያል፤ ነፋስ ሲመታው ውሃው መሬት ሳይደርስ እንደ ጭስ ይበተናል። ከዚያ በጥርስ ሐዲድ የሚወጣውን ባቡር ይዛችሁ ቬንገን ግቡ። መኪና የማይገባበት መንደር ነው። ከቬንገን በኬብል ካር ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሜንሊከን ላይ ናችሁ፣ ከ2,200 ሜትር በላይ። አይገር፣ ሞንክና ዩንግፍራው፣ ሦስቱም ተራሮች በረዷቸውን ለብሰው ፊት ለፊት ናቸው። ወንበር አለ፣ ቡና አለ። አንድ ሙሉ ቀን ስጡት።

በተራራ ውስጥ ያለውን የትሩመልባክ ፏፏቴ ሰው ይመክርሽ ይሆናል። አሳንሰር አለው፤ ግን ከዚያ በኋላ ደረጃው ብዙ ነው፣ ድንጋዩም እርጥብ ነው። ለእናትሽ አይሆንም።

መልስ፦ ከሉሰርን

የባቡር ፓሱን እኔ ላስረዳ። ስዊስ ትራቭል ፓስ የ3፣ የ4፣ የ6፣ የ8 እና የ15 ቀን አለው። ባቡር፣ አውቶቡስ፣ የሐይቅ መርከብና የከተማ ትራም ሁሉ በአንድ ካርድ ነው። ብዙ ሙዚየሞችም በነፃ ያስገባል። ወላጅ ይዘሽ ስለሆነ በየጣቢያው ትኬት ፍለጋ ማሽን ላይ ከመጋፋት ያድንሻል። እኔ የ4 ቀኑን እመርጥልሽ ነበር።

መልስ፦ ከዙሪክ

እዚህ ላይ አልስማማም። በፓሱ እስከ ቬንገንና ግሪንደልቫልድ መንደሮች ድረስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ትሄዳላችሁ፤ ከዚያ በላይ ለዩንግፍራውዮክ ቅናሹ 25 በመቶ ብቻ ነው። ለጎብኚ የሚሸጠው የግማሽ ዋጋ ካርድ ግን እዚያም ግማሹን ያወርዳል፤ ለአንድ ወር ያገለግላል። ዩንግፍራውዮክ ከወጣችሁ ግማሽ ዋጋው ያዋጣል። ካልወጣችሁና ባቡርና መርከብ ላይ የምትውሉ ከሆነ ፓሱ ይሻላል። የስዊዝ ባቡር ድርጅቱን የኤስ ቢ ቢን መተግበሪያ ስልክሽ ላይ ጫኚና እያንዳንዱን ጉዞ አስገብተሽ ደምሪው። እናትሽ ላይወጡ ስለሚችሉ ሦስታችሁም አንድ ዓይነት መግዛት የለባችሁም።

ደግሞ በተራ ባቡር ላይ ወንበር ማስያዝ አያስፈልግም። አንዱ ቢያመልጥ የሚቀጥለውን መያዝ ነው፤ በዋና ዋና መስመሮች ላይ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው የምትጠብቁት።

መልስ፦ ከጄኔቫ

አባትሽ ደስ አሉኝ። ከኢንተርላከን ሞንትሮ በጎልደንፓስ ኤክስፕረስ ኑ። ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራ ባቡር ነው። የሐዲዱ ስፋት መንገድ ላይ ይቀየራል፤ ባቡሩ ጎማዎቹን አስተካክሎ ያልፋል፣ እናንተ አትወርዱም። ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። ለዚህኛው ወንበር ብታስይዙ ጥሩ ነው። ከሞንትሮ ጄኔቫ አንድ ሰዓት በሐይቁ ዳር ነው። በግራ መስኮት ሐይቁ፣ በቀኝ የላቮ የወይን እርከኖች ናቸው።

ጃንሆይ የተናገሩት ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፦ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ ጎብኚ የሚያየው ትልቁ የጉባኤ አዳራሽ ያኔ ገና አላለቀም ነበር። ንግግሩ የተደረገው እዚያ አይደለም። ቢሆንም ግቢው የተሠራው ለዚያው ለመንግሥታቱ ማኅበር ነው፤ ማየቱ ይገባል። ጉብኝቱን በኢንተርኔት ቀድመሽ አስይዢ፤ ሦስታችሁም ፓስፖርት ያዙ፣ ያለዚያ በር ላይ ትቀራላችሁ። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ከኮርናቫን 15 ቁጥር ትራም ከግቢው ፊት ያለው አደባባይ ድረስ ይወስዳል፤ ጎብኚ በየትኛው በር እንደሚገባ ግን ስታስይዢ አረጋግጪ። ከዚያ በሐይቁ ዳር ፓሌ ዊልሰንን አሳዪያቸው። የማኅበሩ የመጀመሪያ ዋና ጽሕፈት ቤት ነበር። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ለእናትሽም መቀመጫ ሞልቷል።

ጄኔቫ ሆቴል ስታድሩ የከተማው ትራንስፖርት ነፃ ካርድ ይሰጣችኋል። ስለዚህ ፓሱን ከገዛሽ የጄኔቫን ቀን አትቁጠሪበት። የመመለሻ በረራውንም ከዚሁ ቁረጪ፤ ወደ ዙሪክ መመለስ ለምን?

ጠያቂዋ

ለአባቴ አነበብኩለት፤ ስለ አዳራሹ ከአንድ ሰዓት በላይ አወራኝ! ስለዚህ ባዝል፣ ሉሰርንን በቀን፣ ኢንተርላከን ሦስት ሌሊት፣ ጄኔቫ ሁለት ሌሊት፣ በረራ ከጄኔቫ። የቀረኝ ሻንጣው ነው። ለመርከቡ የያዝነው ልብስ ብዙ ነው፤ ሦስት ትልልቅ ሻንጣ ይዘን ባቡር መቀያየር አስፈርቶኛል።

መልስ፦ ከባዝል

የባቡር ድርጅቱ ሻንጣ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይልካል። ባዝል ጣቢያ ላይ አስረክባችሁ ጄኔቫ ተቀበሉት። በዚያው ቀን አይደርስም፤ እናንተ ግን የምትደርሱት ከሦስት ሌሊት በኋላ ስለሆነ ይጠብቃችኋል። የማቆያ ክፍያ ካለ እዚያው ጠይቂ። ለኢንተርላከን ትንሽ ቦርሳ ብቻ ያዙ፤ ወፍራም ሹራብ ከውስጡ አይጥፋ። የእናትሽ መድኃኒትና ፓስፖርቶቹ ከእጃችሁ አይለዩ።

መልስ፦ ከዙሪክ

ሁለት ነገር ልጨምር። ለሆላንድና ለጀርመን የምትገዙት ወፍራም ክብ የኤሌክትሪክ ሶኬት መቀየሪያ የስዊዝ ግድግዳ ውስጥ አይገባም። ቀጭኑን፣ ባለ ሁለት እግሩን ግዙ፤ እሱ ሁሉም ቦታ ይሠራል። የአውሮፓ ሲም ካርድም ብዙ ጊዜ ስዊዘርላንድን አይጨምርም። ከመግዛትሽ በፊት የአገሮቹን ዝርዝር እዪ።