አባቴ ከአፋር ሎጊያ ትኩሳት ይዞ መጣ፣ ስኳርም ግፊትም አለበት፣ ደንጌ ይሆን እንዴ?

የሹፌር ልጅ (ኮምቦልቻ)
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ አባዬ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ 58 ዓመቱ፣ ስኳር ከያዘው ቆይቷል ግፊትም አለበት። ሎጊያ መኪናው ተበላሽቶበት አራት ቀን እዛው አደረ፣ ቤት ከገባ ትንሽ እንደቆየ ትኩሳት ያዘው፣ ከአይኔ ጀርባ ያመኛል አጥንቴ ተሰባበረ እያለ ሲያቃስት ነበር። ክሊኒክ ወስደነው የወባ ምርመራው ነጋቲቭ ሆነና የህመም ማስታገሻ ዲክሎፌናክ ወግተው ሰደዱን። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ተመስገን ስንል ከጠዋት ጀምሮ ሶስቴ አስመለሰው፣ ሆዴን ሆዴን ይላል። እማዬ ትኩሳቱ ከለቀቀው ይተኛበት አትረብሹት ትላለች። ልጠብቅ ወይስ ደሴ ይዤው ልውጣ?

ቦርከና ዳር
ኧረ ኮምቦልቻ ምን ደንጌ አለ ብለሽ ነው፣ ታይፎይድ ነው የሚሆነው አስመርምሪው

ሲስተር ነኝ
@ቦርከና ዳር ደንጌ በትንኝ ነው የሚተላለፈው፣ ሰውየው እኮ የተነደፉት ሎጊያ ነው፣ 2015 ላይ እዛ አካባቢ ደንጌ ነበር።
እህቴ አብሽሪ፣ ግን አትጠብቂ። ደንጌ የሚያታልለው ትኩሳቱ ሲለቅ ነው፣ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ የደሙ ውሃ ከደም ስር እየሾለከ ወደ ሆድና ወደ ሳንባ ዙሪያ ይወጣና ግፊት ድንገት ይወርዳል። ሆድ ቁርጠቱና ማስመለሱ ምልክቱ ነው፣ ድድ ከደማ፣ እጅ እግሩ ከቀዘቀዘ ወይ ከተቅበጠበጠ ደግሞ ደቂቃም አይቆጠርም። ስኳርና ግፊት ያለበት ሰው ላይ ቶሎ ይከብዳል። የግፊቱን ክኒን ዛሬ ከመዋጣቸው በፊት ሐኪም ይወስን፣ በሽታው ራሱ ግፊት እያወረደ ክኒን ሲጨመርበት አስቢው። ደግሞ ሰው ጉልበት ይሰጣል ብሎ ለስላሳ ያጠጣል፣ ስኳር ላለበት አይሆንም። የሚወስዱትን መድሃኒት በሙሉ በፌስታል ጠቅልለሽ ሂጂ።

ድሬ የኖርኩ
2006 ድሬዳዋ ሲገባ እዛው ነበርኩ፣ እኔንም ይዞኝ ነበር ወላሂ ጠላቴንም አይያዘው። ዲክሎፌናክ አይቡፕሮፌን አስፕሪን የሚባል ደንጌ ከተጠረጠረ አይነካም፣ ያደማል፣ ፓራሲታሞል ብቻ። ግን ለልብ ብለው አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነ በራስሽ እንዳታቋርጪ ለሐኪሙ ንገሪው። አባትሽ ከዚህ በፊት ይዟቸው ያውቅ እንደሆነም ጠይቂ፣ አራት ዓይነት ነው፣ በሌላኛው ዓይነት ሁለተኛ ሲይዝ የበለጠ ሊከፋ ይችላል። ትንኟ ቀን ነው የምትነድፈው፣ ክዳን የሌለው በርሜልና ውሃ የቋጠረ ጎማ ውስጥ ትፈለፈላለች።

የሹፌር ልጅ (ኮምቦልቻ)
አላህ ይስጣችሁ። የሐረጎን ዳገት በኮንትራት ሚኒባስ ወጥተን ደሴ ገባን፣ ድንገተኛ ክፍል ነን፣ ደንጌ ነው አሉ። ፕላትሌቱ (ደም የሚያረጋው ሴል) ወርዶ 38 ሺህ ነው፣ ደሙ ወፍሯል አሉኝ። በደም ስሩ የሚገባውን ፈሳሽ በቀስታ ነው የሚሰጡት፣ በአንዴ ከተለቀቀ ሳንባው ላይ ይጠራቀማል ብለው በየሰዓቱ ሽንቱን ይለካሉ፣ የግፊቱን ክኒን ለጊዜው አቆሙ ስኳሩን ደግሞ በኢንሱሊን ይዘውታል። ሲስተር ያልሽኝን ፌስታል ይዤ ነበር የሄድኩት፣ ዶክተሩ ሲዘረግፈው ከታች ግማሽ የተበላ የዲክሎፌናክ ክኒን ወጣ፣ ለካ ለወገቡ ብሎ መንገድ ላይ ሁሌ ይይዛል፣ ትላንት ማታም አንድ ውጧል።