ኢለርኒንግ ሊገዛ ነው፤ እኔ የት ልግባ?

ቃሊቲ_ማዶ፦
ሰላም ቤቶች። ቃሊቲ አካባቢ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ሥልጠና ክፍል ነው የምሠራው። ማኔጅመንቱ የኢለርኒንግ ሲስተም፣ ማለትም ሥልጠና በኮምፒውተር ወይም በስልክ የሚሰጥበት ሶፍትዌር፣ ሊገዛ ነው። ከአቅራቢው ጋር የተነጋገሩት አይቲና ፋይናንስ ናቸው፤ እኔ ወሬውን የሰማሁት ሻይ ላይ ነው። የተባልኩት «ፓወርፖይንቶቹን አዘጋጂ፣ ይጫናሉ» ብቻ። ሠራተኛው ደግሞ ከገላንና ከቱሉ ዲምቱ በሰርቪስ መጥቶ በሺፍት የሚሠራ ነው፣ ኮምፒውተር የለውም፣ ስልኩንም በር ላይ አስቀምጦ ነው የሚገባው። አይሆንም ካልኩ «ሥራዋን እንዳታጣ ፈርታ ነው» ይሉኛል። እንደ አማካሪ ልግባበት ብል ከየት ልጀምር?

ሺፍት_ለ፦
እህቴ፣ ስለ ሲስተሙ አታውሪ። ፕሮዳክሽን ማናጀሩ ጋ ሂጂና ምን እንቅልፍ እንደሚነሳው ጠይቂው። እኔን «የጥራት ሥልጠና በቪዲዮ ሥራልን» ብለውኝ ነበር። ሁለት ቀን መስመሩ ላይ ቆሜ ሳይ ልጆቹ ስፌቱን አሳምረው ያውቁታል። የሚበላሸው ማታ ነው፤ መብራቱ ደካማ፣ ናሙናው ደግሞ ሱፐርቫይዘሩ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል! አምፖል ተቀየረ፣ ናሙናው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ ቪዲዮው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማናጀሩ ራሱ እየደወለ ያማክረኛል። ሠራተኛው አያውቅም ወይስ እያወቀ አልተመቸውም? ሥልጠና የሚፈታው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ሙድል_ወዳጅ፦
ልክ ነው፣ ግን ግዢው እየሄደ ስለሆነ እዚያም ግቢበት። ተራ ስልክ ላይ ይከፈታል? ኔትወርክ ሲጠፋስ? ትምህርቱ በስኮርም ይወጣል? በይ። የመጨረሻዋን አትርሺ። ስኮርም ትምህርትን ከአንዱ ሲስተም ወደ ሌላው ለማዛወር የሚያስችል የጋራ ደንብ ነው፤ ከሌለ ውሉ ሲያልቅ ልፋትሽ እነሱው ጋ ይቀራል። ሙድልንም አማራጭ አድርገሽ አቅርቢ፣ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነፃ የኢለርኒንግ ሶፍትዌር ነው። ሰርቨርና የሚንከባከበው ሰው ግን ገንዘብ ይፈልጋሉ፤ «በነፃ» ብለሽ እንዳትገቢ።

አያት_ጫፍ፦
አለቃ አንዴ ከወሰነ ማን ይሰማል? እኔ አሥራ ሁለት ገጽ ጽፌ አቅርቤ መሳቢያ ገባ።

ሺፍት_ለ፦
አሥራ ሁለት ገጽ እኔም አላነብም ወንድሜ 😄 አንቺ ግን እህቴ፣ አንድ የስፌት መስመር ለአንድ ወር መሞከሪያ ለምኚ። የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ በአማርኛና በኦሮምኛ ሠርተሽ በቴሌግራም ላኪ፣ ሰርቪስ ውስጥ ያዩታል። ፋይሉ ትንሽ ይሁን፣ ካርድ የሚሞሉት እነሱ ናቸው። ከመጀመርሽ በፊትና ከወሩ በኋላ የተበላሸውን ቁራጭ ቁጠሪ። አሜሪካዊው የሥልጠና ምሁር ኪርክፓትሪክ ሥልጠና ስለሚመዘንበት መንገድ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጻፈው ይሄንኑ ነው፦ ወደዱት? ተማሩ? ሥራ ላይ አዋሉት? ድርጅቱስ ምን አገኘ? እኛ ፎርም አስሞልተን «በጣም ጥሩ» የሚለውን ቆጥረን እዚያው መጀመሪያዋ ላይ እንቀራለን። አለቃሽ የሚሰማው የመጨረሻዋን ነው።

ቃሊቲ_ማዶ፦
ተባረኩ። ማናጀሩ ሻይ የሚጠጣበትን ሰዓት አውቀዋለሁ፣ ነገ እይዘዋለሁ። እስከዚያ ግን የእኛ ናሙና የት እንደሚቀመጥ ልየው፤ ሆዴ ጠርጥሯል።