የዕቅድ ውይይት፦ «ጥቁሩ የባሕር ወንበዴ»ን አብረን እንይ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለፊልም ምሽታችን ያሰብነው በ1926 እ.ኤ.አ. የወጣው የተዋናዩ የዳግላስ ፌርባንክስ ድምፅ አልባ ፊልም ነው። የወንበዴ ታሪክ ነው፣ ፍቅርም አለበት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ደግሞ በቀለም የተቀረፀ ነው። ረቂቁ ለኮሚቴ ከመግባቱ በፊት ሐሳብ ወርውሩ።

ገንዘብ ያዥ፦ ስንት ያስወጣናል?

ጸሐፊ፦ የፊልሙ የቅጂ መብት እዚህ አሜሪካ በ2022 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። የታደሰው ቅጂና አዲሱ ሙዚቃ ግን የራሳቸው ባለመብት ሊኖራቸው ስለሚችል ትንሽ ገንዘብ ይያዝ።

የመሣሪያ ኃላፊ፦ ትናንት ማታ ጀመርኩት። ቀለሙ ደብዝዟል እኮ! ሰማዩ ሰማያዊ አይደለም። በኮምፒውተር ላስተካክለው?

ጋሼ፦ ኧረ በፈጠረህ! ልጄ፣ የዚያን ጊዜው ቴክኒከለር የሚባለው የቀለም ፊልም ካሜራ የሚይዘው ቀይና አረንጓዴ ብቻ ነበር። ሰማያዊ ከየት ይምጣ? ሁለቱ ቀለሞች በየራሳቸው ስስ ፊልም ላይ ይወጡና ጀርባ ለጀርባ ይጣበቃሉ። ማጫወቻው ሲግል ፊልሙ ይጎብጣል፣ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ያኔ የኦፕሬተሩን እርግማን አትጠይቀኝ። ደግሞ ደማቅ ቀለም ያልፈለገው ፌርባንክስ ራሱ ነው። ዓይን እንዳያደክም፣ የድሮ ሥዕል እንዲመስል ብሎ ቡናማና ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ መረጠ። ሰማዩን ከቀባኸው ሌላ ፊልም ሆነ ማለት ነው።

የመሣሪያ ኃላፊ፦ እሺ ጋሼ፣ እጄን አንስቻለሁ።

የሕፃናት ክፍል፦ ልጆች ይምጡ? መጀመሪያው ላይ አንድ ምርኮኛ ቀለበት ይውጣል። ወንበዴዎቹ ሆዱን ቀደው ያወጡታል። ሲቀደድ አይታይም፤ ግን ነገሩ ይገባል። እኔ የኔዎቹን ከዚያ በኋላ ነው የማስገባቸው። ፌርባንክስ በቢላዋ የመርከቡን ሸራ እየቀደደ ከላይ ሲንሸራተት ግን እንዳያመልጣቸው!

አባል፦ በምስሎቹ መሃል የሚመጣው ጽሑፍስ እንግሊዝኛ አይደል? እማማዎቹ ምን ሊያደርጉ ነው?

ጋሼ፦ አንድ ሰው ቆሞ በአማርኛ ያንብብላቸው። ቀስ ብሎ። መጨረሻ ላይ ሲሳሳሙ ግን ዝም ይበል። እዚያ ጋ በዋናዋ ተዋናይት በቢሊ ደቭ ቦታ የተሳመችው የፌርባንክስ ሚስት ሜሪ ፒክፎርድ ናት ይባላል።

ጸሐፊ፦ ረቂቁን እንዲህ አስተካክያለሁ፦ ቀለሙ አይነካም። በር ላይ ስለ ሁለቱ ቀለሞች አጭር ወረቀት ይታደላል፤ ያለዚያ ሰው ሁሉ ፕሮጀክተሩ ተበላሽቷል ይላል። ልጆች ከመክፈቻው በኋላ ይገባሉ። አንባቢ አንድ። ማን ይሁን?

ገንዘብ ያዥ፦ እኔን ተዉኝ። ቡናውን በኔ ጻፉት።