ለቤተሰብ የካርድ ጨዋታ የትኛው ጭብጥ ማንንም አያስከፋም?

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ክርክር ባለ54 ካርድ የቤተሰብ ጨዋታ ላይ ነው። አዲስ አበባም፣ ዋሽንግተንም፣ ቴል አቪቭም ያለ ቤተሰብ ከልጆቹ ጋር እንዲጫወተው የታሰበ ነው። የቀረቡት ሐሳቦች ሦስት ናቸው፤ ነገሥታት፣ የዱር እንስሳት እና የቡና ሥርዓት። የቱ ይሻላል? የሙከራው ሥዕልስ ምን ይምሰል?

ብራና፦ እኔ ከታሪክ ጋር ነኝ። ልጆች በጨዋታ ካልለመዱት መቼ ሊለምዱት ነው? አለበለዚያ ከውጭ ከሚመጣው ጨዋታ በምን ይለያል?

መቀስ፦ ወንድሜ ብራና፣ ችግሩ ሥዕሉ ላይ ሳይሆን ማዕዘኑ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ቴዎድሮስን 9፣ ዮሐንስን 7 ብለህ ስታትም ፍርድ ሰጥተሃል። ምኒልክን ሲያይ አንዱ ቤት ዓድዋን፣ ሌላው ቤት አኖሌን ያስባል። በሕንፃ ቢተካም ያው ነው፤ አክሱም ከጀጎል በ2 ነጥብ ከበለጠ ጭቅጭቁ ይቀጥላል። ቁጥሩ ይውጣና ሁሉም ካርድ እኩል 1 ነጥብ ይሁን፤ ብልጫው በስብስብ ይምጣ። ያኔ ታሪክም ቢሆን ይቻላል።

ብራና፦ በቁጥሩ ተስማምቻለሁ። እንስሳቱ ግን ምን ነውር አላቸው? ዋልያ፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ የማንም ወገን አይደሉም።

ቀለም፦ እነዚህ ሦስቱስ ደህና ናቸው። ግን የምኒልክ ድኩላ ከገባ ከስሙ ጋር ወደ ነገሥታቱ ተመለስን። ከሁሉም የሚከብደው ጅቡ ነው። ሁሉም ሰው ጅቡን የቅጣት ካርድ ማድረግ ይፈልጋል። የደረሰውን ተጫዋች ደግሞ ጠረጴዛው ሁሉ «ቡዳ!» ብሎ ይጮህበታል። ብረት ሠሪና ሸክላ ሠሪ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው ክፉ ስም የእጅ ባለሙያዎችን፣ ከእነርሱም ቤተ እስራኤልን፣ ስንት ዘመን አቁስሏል። ቴል አቪቭ ላለ ቤተሰብ ይህን ካርድ በስጦታ መላክ ትችላለህ? ጅቡ ይግባ ከተባለ እንደሌሎቹ ይሰብሰብ፣ ቅጣት አይሁን።

ጀበና፦ እኔ ለቡናው እከራከራለሁ። አጨዋወቱ በራሱ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ሦስት ዙር። 4 ምድብ በ12 ካርድ 48፣ ከዚያ 6 ልዩ ካርድ። ምድቦቹ ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ማፍላት ይሁኑ። የቦታ ስም ግን አናስገባ። ይርጋጨፌ ጌዴኦ ውስጥ ሆኖ ሳለ በሲዳማ ሥር ካስቀመጥነው አንዱን እናስቀይማለን፣ «ሲዳሞ» ብለን ከጻፍንም ሌላውን።

ብራና፦ ቡናም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ዕጣኑንና ፈንዲሻ መበተኑን ከአድባርና ከዛር ጋር የሚያያይዙ ቤቶች አሉ፤ በተለይ ፕሮቴስታንት ቤተሰቦች።

ጀበና፦ ያለ ዕጣን ምን ቡና አለ?

ቀለም፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ ሥዕሉ ልናገር። ቡና የምትቀዳ ሴት ስትሳል ቀሚሷ ጥለት ላይ መስቀል ካለ ካርዱ የክርስቲያን ሆነ። ስለዚህ እጅ ብቻ እንሳል ትላላችሁ። እጁ ላይ ሒና ካለ፣ የመስቀል ንቅሳት ካለ፣ አሁንም ሃይማኖቱን ተናግሯል። ዕቃውን ብቻ ሳሉት፤ ምጣድ፣ ሙቀጫ፣ ጀበና፣ ስኒ። ሥዕል በኮምፒውተር የምታስወልዱም ጀበናውን አስተውሉ። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ክዳን ያለው የሻይ ማንቆርቆሪያ ወይም ምንቃሩ የረዘመ የዓረቦች ቡና ማፍያ (ደላ) ነው። የእኛው ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቀጭንና ረጅም፣ እጀታውም ከአንገቱ ወደ ሆዱ የሚወርድ ነው።

ለምድቦቹ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አታድርጉ። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲዘረጉ ኮከብ አለው የለውም የሚለው የባንዲራ ክርክር ይነሳል። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸግረው ተጫዋችም አለ። ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ ጥቁርና ግራጫ ይሁኑ፣ እያንዳንዱም የራሱ ቅርጽ ይኑረው።

መቀስ፦ እኔ የምለው የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ሥዕል ጭራሽ አይኑር። ያማረ ሥዕል ያየ ሰው «ደስ ይላል» ብሎ ያልፋል፤ በእርሳስ የተጫረ ሲያይ ግን እርማት ለመስጠት አይፈራም። ካርዱ 63 በ88 ሚሊሜትር፣ አንድ ኤ4 ላይ 9 ይገባል፣ 6 ገጽ ለ54ቱ ይበቃል። ባለ80 ግራም ወረቀት ቆርጣችሁ በላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ ከአሮጌ የካርታ ቅጠል ፊት ክተቱት። ያለዚያ ቀለሙ በጀርባ ያሳልፍና ካርዱ ይታወቃል። የሚበላሸው በአብዛኛው ሲታተም ነው። ማተሚያው ገጹን ለማብቃቃት በራሱ ያሳንሰዋል፤ ልኩን 100 በመቶ አድርጉና ከመቁረጣችሁ በፊት በማስመሪያ ለኩት። ለመጨረሻው ኅትመት ዙሪያውን 3 ሚሊሜትር ትርፍ ጨምሩ፤ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ጥራት 815 በ1110 ፒክስል ይሆናል። ጀርባው ላይ ጠርዝ አታስምሩ፤ መቁረጫው 1 ሚሊሜትር ከሳተ ወዲያው ይታያል።

ሌላ ነገር፣ ሳጥኑ ላይ «ካርታ» ብላችሁ አትጻፉ። በብዙ ቤት ካርታ ማለት ቁማር ነው፤ ሳይከፈት ይመለሳል።

ብራና፦ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ዕጣኑስ?

ቀለም፦ ሁለት ጥቅል አዘጋጁ። በአንዱ ዕጣን ይግባ፣ በሌላው በቦታው ቆሎ ይግባ፣ ሁለቱም 54 ይሁኑ። ዕጣን ያለበትን ዕጣን ለማያጨሱ ቤቶች ስጡ፤ «ወደዳችሁት ወይ?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ፣ ሰው በይሉኝታ «አዎ» ይላል። «ከዚህ ውስጥ ለእንግዳ የማታሳዩት ካርድ የቱ ነው?» በሉና ራሳቸው መዝዘው ያስቀምጡት።