ዘር በሕክምና ስሌት ውስጥ ይቆይ ወይስ ይውጣ? (ክርክር)

አወያይ፦
ዛሬ የምንከራከርበት ጥያቄ በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለዓመታት ሲያነጋግር ቆይቶ በከፊል ውሳኔ ያገኘ፣ ለእኛ ግን ገና ያልተቋጨ ነው። አንድ ሰው ደም ሲሰጥ ላቦራቶሪው ከጡንቻ የሚመነጨውንና ኩላሊት የሚያስወግደውን ክሪያቲኒን የተባለ ቆሻሻ መጠን ይለካል፤ ከዚያም ዕድሜውንና ጾታውን ጨምሮ ኩላሊቱ በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚያጣራ በቀመር ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ቀመር ታካሚው ጥቁር ከሆነ ግምቱን በ18 በመቶ (በኋላ አጥሮ ሲሠራበት በ21 በመቶ) ገደማ፣ በ2009 የወጣው ደግሞ በ16 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርጉት ነበር። በ2021 የአሜሪካ ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽንና የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበር በጋራ ያቋቋሙት ግብረ ኃይል ይህ ጭማሪ እንዲቀር መከረ፤ ዘር የሌለበት አዲስ ቀመርም በዚያው ዓመት ወጣ። ዘር ከሕክምና ስሌት ፈጽሞ መውጣት አለበት ወይስ ሲወጣ የምናጣው ነገር አለ? ተሳታፊዎች ሙያችሁንና የምትኖሩበትን ከተማ ብቻ ጻፉ።

የኩላሊት እጥበት ነርስ፣ ባልቲሞር፦
ይውጣ ባይ ነኝ፤ የወጣውም እጅግ ዘግይቶ ነው። በአሜሪካ አንድ አዋቂ ሰው ለኩላሊት ንቅለ ተከላ በተራ መጠበቂያው መዝገብ ላይ ጊዜ መቁጠር የሚጀምረው እጥበት ሲጀምር ወይም የማጣሪያ አቅሙ 20 እና ከዚያ በታች ሲወርድ ነው። ዕድሜያቸው፣ ጾታቸውና ክሪያቲኒናቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎችን አስቡ። ነጩ 18 ተብሎ በዚያው ቀን ይመዘገባል፤ ጥቁሩ ግን 18 በ16 በመቶ ስለሚጨመርለት ወደ 21 ይጠጋና «ገና ነዎት» ተብሎ ይመለሳል። ያ «ገና» በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር ታስሮ መኖርን ለብዙዎች አስከትሏል። እኔ በየቀኑ የማያቸው ሰዎች ናቸውና ይህን ስጽፍ ስለ ቁጥር ብቻ እየጻፍኩ አይደለም።

የንቅለ ተከላ ተራውን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ የአካል ንቅለ ተከላ መረብ ራሱ ይህን በደል ተቀብሏል። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ በቀድሞው ቀመር ምክንያት የዘገዩ ጥቁር ታካሚዎች የጠፋባቸው ጊዜ እንዲመለስላቸው ደንብ አውጥቶ፣ ከ14,000 በላይ ሰዎች ተራቸው ተስተካክሎላቸዋል። ጭማሪው ከየት መጣ ብትሉ፣ በጥናቶቹ ውስጥ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን የማጣሪያ አቅማቸው ከሌላው እኩል ሆኖ ሳለ ክሪያቲኒናቸው በአማካይ ከፍ ብሎ በመገኘቱ ነው። ለዚህም «ጡንቻቸው ስለሚበዛ» የሚል ማብራሪያ ተሰጠ፤ ነገር ግን የተሳታፊዎቹ ጡንቻ በቀጥታ ተለክቶ የተረጋገጠ ነገር አልነበረም። እንግዲህ ክብደታቸው ሃምሳ ኪሎ የማይሞላውን፣ ጾም የማያቋርጡትን አሮጊት እናቶቻችንን በየትኛው ጡንቻ ነው «ጥቁር ናቸውና ኩላሊታቸው ይሻላል» ያልናቸው?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ አዲስ አበባ፦
እኅቴ የጻፉት በደል እውነት ነው፤ አልከራከርበትም። የምከራከረው ዘርን ማውጣት ስሕተቱን ያስወገደ ይመስል በሚነገረው ላይ ነው። በ2021 የወጣው በክሪያቲኒን ብቻ የሚሠራው አዲስ ቀመር በቀጥታ ከተለካ የማጣሪያ አቅም ጋር ሲወዳደር፣ በጥቁሮች ላይ በደቂቃ በ3.6 ሚሊ ሊትር ያህል ዝቅ አድርጎ፣ ጥቁር ባልሆኑት ላይ ደግሞ በ3.9 ሚሊ ሊትር ያህል ከፍ አድርጎ እንደሚገምት የሠሩት ተመራማሪዎች ራሳቸው አትመዋል። ስሕተቱ አልጠፋም፤ ለሁለት ተከፈለ እንጂ። ይህ ምናልባት ከቀድሞው ይልቅ ፍትሐዊ ክፍፍል ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ክፍፍል መሆኑን ለታካሚ መንገር ይገባል።

ግምቱ ዝቅ ማለቱም ሁልጊዜ ለታካሚው በጎ አይሆንም። ለስኳር ሕመምተኛ ሜትፎርሚን የምንከለክለው አቅሙ ከ30 ሲወርድ ነው፤ የአንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶችን መጠን የምንቀንሰውም በዚሁ ቁጥር ነው። ለወንድሙ ኩላሊቱን ሊሰጥ የመጣ ጤነኛ ጥቁር ሰውም በአዲሱ ግምት «አይበቃም» ሊባል ይችላል። ሰው በወረፋው ጥቅም አግኝቶ በመድኃኒቱ እንዲጎዳ አልፈልግም። ስለዚህ አንድን መረጃ ከማጥፋታችን በፊት የሚተካው ምን እንደሆነ ይነገረን።

የኩላሊት እጥበት ነርስ፣ ባልቲሞር፦
ዶክተር፣ የሚተካው ተነግሯል። ግብረ ኃይሉ ዘርን አውጡ ሲል ሲስታቲን ሲ የተባለው የደም ምርመራ በስፋት እንዲለመድም አብሮ መክሯል፤ እርሱ እንደ ክሪያቲኒን በጡንቻ ብዛት ብዙ አይዛነፍም፤ ሁለቱን አጣምሮ የሚያሰላው ቀመርም እርስዎ የጠቀሱትን ክፍተት በእጅጉ ያጠበዋል። ለአፍሪካም ቢሆን የድሮው ጭማሪ አልጠቀመም። በ2022 በታተመ፣ በማላዊ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ የማጣሪያ አቅምን በቀጥታ በለካ ጥናት፣ በክሪያቲኒን የሚሠሩ ቀመሮች የሰዎቹን ኩላሊት ከእውነተኛ አቅሙ በላይ ገምተው ተገኝተዋል። ጭማሪው ታማሚውን ጤነኛ አስመስሎ ማሳየት ማለት ነበር።

የመድኃኒት ተመራማሪ፣ ስቶክሆልም፦
ሁለታችሁም ያልነካችሁት ነገር አለ፤ ይኸውም «ጥቁር» የሚለው ሳጥን ስለ ኢትዮጵያዊ ሰውነት ምን ያህል ይናገራል የሚለው ነው። ከራሴ መስክ ሁለት ምሳሌዎችን ላቅርብ።

የመጀመሪያው ኤፒኦኤል1 የተባለው ጂን ነው። በ2010 ተመራማሪዎች ጥቁር አሜሪካውያን በኩላሊት ድካም በብዛት የሚጠቁበትን አንድ ዋና ምክንያት በዚህ ጂን ሁለት ልውጦች ውስጥ አገኙ። እነዚህ ልውጦች የእንቅልፍ በሽታ አምጪውን ተሐዋሲ ስለሚከላከሉ በምዕራብ አፍሪካ ተስፋፍተዋል፤ ከጥቁር አሜሪካውያንም 13 በመቶ ያህሉ ከእናትም ከአባትም ወርሰው ሁለት ቅጂ ይይዛሉ። በኢትዮጵያውያን ዘንድ ግን አልተገኙም ለማለት ይቻላል። በእስራኤል በ2011 የታተመ ጥናት ኤችአይቪ በደማቸው የሚገኝ ከ300 በላይ ኢትዮጵያውያንን መርምሮ፣ ቫይረሱ በሌሎች ጥቁሮች ላይ የሚያመጣው ልዩ የኩላሊት በሽታ አንድም ሰው ላይ እንዳልታየ ዘግቧል። በዳላስ ወይም በአትላንታ አንድ ሐኪም ኢትዮጵያዊውን «ጥቁር ስለሆነ ኩላሊቱ ለዚህ ተጋላጭ ነው» ብሎ ቢጀምር የሚያስበው ስለ ሌላ ሰው ነው።

ሁለተኛው ደግሞ በተቃራኒው የሚያሠጋን ነው። ጉበታችን ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ወደ ሞርፊን የሚለውጠው ሲዋይፒ2ዲ6 በተባለ ኢንዛይም ነው። በስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ከመረመሯቸው 122 ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ጂን ትርፍ ቅጂ ተገኝቶባቸዋል፤ በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ ነው። ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው መደበኛውን መጠን ወስዶ ሞርፊኑ ሊበዛበትና መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2013 በኮዴይን ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ያወጣው፣ በ2017ም ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የከለከለው በዚህ ዓይነት ሞት ምክንያት ነው፤ የኢትዮጵያ የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣንም ኮዴይንን አግዷል። አሁን የመድኃኒቱን የቀድሞ መግለጫ ተመልከቱ፤ ኮዴይንን እጅግ ፈጥነው የሚለውጡትን ሰዎች ድርሻ ለጥቁር አሜሪካውያን 3 በመቶ፣ ለሰሜን አፍሪካውያን፣ ለኢትዮጵያውያንና ለዐረቦች ደግሞ ከ16 እስከ 28 በመቶ ይላል። «ጥቁር» ብላችሁ ስትሞሉ ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች በየትኛው ነው የምትታዩት?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉ የሚገርመው ይህ ነውና። ይኸው የምርምር ቡድን በ2002 በኢትዮጵያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን በስዊድን ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋር ሲያወዳድር፣ የጂኑ ዓይነት አንድ ሆኖ ሳለ በአገር ቤት ያሉት ላይ የኢንዛይሙ ሥራ ተቀዛቅዞ አገኘው። ምግብ ይሁን ሌላ ነገር፣ የሚኖሩበት አካባቢ ለውጦታል ማለት ነው። ዘር ተብሎ የሚሞላው ነገር ጂንንም አካባቢንም አይነግረንም። የሚለካ ነገር ሲኖር እርሱን እንለካ።

እናቱን የሚያስታምም፣ ዳላስ፦
ትምህርታችሁን በአክብሮት እየተከታተልኩ ነው፤ ነገር ግን እኔን የሚያስጨንቀኝ ቅርቡ ነው። እናቴ የኩላሊት ሕመምተኛ ናት፤ በንቅለ ተከላ መዝገብ ላይ ከ2020 ጀምሮ አለች፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ የእጥበት መስመር ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። ቅጹን የምሞላላት እኔ ነኝ። «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» የሚለውን ምልክት ላድርግበት ወይስ ባዶውን ልተወው? ብሞላው ይጎዳታል፣ ብተወው ይጎዳታል እያልኩ እጄ ተይዟል።

የሕግ ባለሙያ፣ ዋሽንግተን፦
ወንድሜ፣ ይሙሉት። ዘርን መመዝገብና ዘርን በቀመር ውስጥ ማስገባት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የሁለተኛውን አደጋ ለማየት የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግን የካሳ ጉዳይ መመልከት ይበቃል። ሊጉ በጭንቅላት ምት ምክንያት አእምሯቸው ለተጎዳ የቀድሞ ተጫዋቾች ካሳ ሲከፍል፣ የማስታወስና የማሰብ ፈተና ውጤታቸው በዘር ተስተካክሎ ይነበብ ነበር፤ ጥቁሩ ተጫዋች ከመጀመሪያውም ዝቅ ያለ የማሰብ ችሎታ ነበረው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ እንደ ነጩ እኩል ጉዳት ደርሶበት እንኳ «ብዙም አልቀነሰም» ይባላል። ሁለት የቀድሞ ተጫዋቾች በ2020 ከሰሱ፤ ሊጉ በ2021 አሠራሩን ለመተው ቃል ገባ፤ ፍርድ ቤቱም በ2022 የተሻሻለውን ስምምነት አጸደቀ። ይህን የሠሩት የነርቭ ሥነ ልቦና ባለሙያዎች ናቸው፤ ሁሉም በክፉ ልብ ነበሩ አልልም፤ ቀመሩ ግን ሰውን በደለ።

መመዝገቡ የሚጠቅመው ደግሞ በደልን ለማየት ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በ2020 ባወጡት ጥናት፣ በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ የጥቁር ታካሚዎችን የኦክስጅን ማነስ ከነጮች በሦስት እጥፍ ገደማ ደጋግሞ እንደሚስት አሳይተዋል፤ 11.7 በመቶ ለ3.6 በመቶ። በመዝገቡ ላይ ዘር ባይጻፍ ኖሮ መሣሪያው ደኅና ነው እየተባለ ይቀጥል ነበር።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ አዲስ አበባ፦
የሕግ ባለሙያው ያደረጉትን ልዩነት እቀበላለሁ። የስቶክሆልሙ ወንድሜ ግን «እንለካ» ሲሉ ስለ ስዊድን ነው የሚናገሩት። እኔ ባለሁበት የጂን ምርመራ ለተራ ታካሚ አይደረግም፤ ሲስታቲን ሲም በብዙ ላቦራቶሪዎቻችን በቀላሉ አይገኝም። ደግሞስ «ኢትዮጵያዊ» ማለት ራሱ ሌላ ሳጥን አይደለምን? 29 በመቶው ትርፍ ቅጂ ካለው 71 በመቶው የለውም፤ ከሰማንያ በላይ ብሔረሰቦች ያሉበት አገር በ122 ሰዎች ተጠንቶ አላለቀም።

ሆኖም መለኪያ በሌለበት ይህን የመሰለ ግምት እንኳ ይጠቅመኛል፤ የሚጠቅመኝ ግን ስሕተቱ ሰውን በማይጎዳበት ቦታ ብቻ ነው። ሦስት ከአሥር ያህል ሰው ሊጎዳ ይችላል ብዬ ለሁሉም ከኮዴይን ሌላ ማስታገሻ ባዝ፣ ባልተሳካው ግምቴ የሚጎዳ የለም። ያው ግምት አንድን ሰው ከንቅለ ተከላ ወረፋ የሚያስወጣ ከሆነ ግን ስሕተቴን የሚከፍለው እርሱ ነው። ክርክሩ «ይግባ» እና «ይውጣ» ከሚባል ይልቅ በዚህ በኩል ቢሄድ እወዳለሁ፤ ግምቱ ሲሳሳት የሚጎዳው ማን ነው?

የመድኃኒት ተመራማሪ፣ ስቶክሆልም፦
በዚህ አካሄድ እስማማለሁ፤ አንድ ልዩነት ግን ይቀረኛል። ግምቱ ጊዜያዊ መሆኑ ካልተጻፈ ይጸናል፤ የኩላሊቱ ጭማሪ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየው ሁሉም እንደ መለኪያ ስለቆጠረው ነው። ምርመራው ውድ ነው መባሉም ምርመራውን ለማስገባት እንድንጥር እንጂ በግምቱ ላይ እንድንደላደል ሊያደርገን አይገባም። በ2023 ኢናክሳፕሊን የተባለ አዲስ የኩላሊት መድኃኒት ውጤታቸው በተተነተነ 13 ታካሚዎች ላይ በሽንት የሚወጣውን ፕሮቲን ወደ ግማሽ ሲቀንስ፣ ታካሚዎቹ የተመረጡት በኤፒኦኤል1 ልውጣቸው ነው። ነገ መድኃኒቱ ቢጸድቅ፣ ጂናችንን ሳያዩ በመልካችን ብቻ እንዲያዙልን አልፈልግም።

የኩላሊት እጥበት ነርስ፣ ባልቲሞር፦
የዳላሱ ወንድሜ፣ ለእርስዎ ነው የምጽፈው። ቅጹን ይሙሉት፤ ትውልድ አገር የሚጻፍበት ቦታ ካለ «ኢትዮጵያ» ብለው ይጨምሩ። ለቀዶ ሐኪሙና ለማደንዘዣ ባለሙያው እናትዎ ኢትዮጵያዊት መሆናቸውን፣ ኮዴይንና ትራማዶል እንዲታለፉ ወይም የጂን ምርመራ እንዲደረግላቸው በቃልም በጽሑፍም ይንገሩ፤ ሁለቱም መድኃኒቶች በዚያው ኢንዛይም ያልፋሉ። ከዚህ ይልቅ የሚያስቸኩለው ግን የወረፋው ጉዳይ ነው። በ2020 የተመዘገቡ ከሆነ ምናልባት በቀድሞው ቀመር ዘግይተዋል። የንቅለ ተከላ ማዕከሎች የጥቁር ታካሚዎችን የቀድሞ የደም ውጤት መልሰው እንዲያዩና ለተመዘገቡት ሁሉ በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ደንቡ በ2023 አዟቸው ነበር። ደብዳቤው ደርሷቸው እንደሆነ ይፈልጉ፤ ካልደረሳቸው ለማዕከሉ ደውለው የመጠበቂያ ጊዜያቸው ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ይጠይቁ፤ ከ2020 በፊት በሌላ ክሊኒክ የተሰጡ የክሪያቲኒን ውጤቶች ካሉም ይዘው ይቅረቡ፤ ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለሰው በእነዚያ ወረቀቶች ነው።